በርካታ ትናንሽ ፋይሎችን ለሚያከማች ሰርቨር መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

በሰሚትና በአካባቢው የባለጉዳዮችን ደረሰኝና ማመልከቻ በራሳቸው ሰርቨር የሚያስቀምጡ ድርጅቶች፣ ሰርቨሩ ዲስኩ ሳይሞላም አዲስ ፋይል መቀበል ሊያቆም እንደሚችል ሊገነዘቡ ይገባል።

በሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 የፋይል ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል አይኖድ የሚባል አንድ የመዝገብ ቦታ ይይዛል። በመደበኛው አሠራር ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ ስለሚመደብ፣ 1 ቴራባይት ዲስክ የሚይዘው ከ60 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ፋይሎችን ነው። የፋይሎቹ አማካይ መጠን 4 ኪሎባይት ከሆነ፣ የዲስኩ ሦስት አራተኛ ገደማ ባዶ እያለ አይኖዱ ያልቃል።

የአይኖድ ድልድል የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። በኋላ ለመለወጥ እንደገና ፎርማት ማድረግ ስለሚያስፈልግና ይህም መረጃውን ስለሚያጠፋ፣ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የግድ ነው።

ስለሆነም ከመነሻው ለየ4 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ መመደብ፣ ወይም አይኖድን እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨምረውን ኤክስኤፍኤስ መምረጥ፣ እንዲሁም ከባዶ ቦታው ጎን ለጎን ቀሪውን አይኖድ በየጊዜው መከታተል ያስፈልጋል።