አበበች ጎበና (1928–2013 ዓ.ም.)
የወላጅ አልባ ሕፃናት አሳዳጊ፣ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት መሥራች። ሰላሌ ውስጥ ሸበል አቦ ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ሲሞቱ ገና ጨቅላ ነበሩ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተምረውም በቡናና እህል ላኪ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ።

እ.አ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ፣ ረሃብ በደቆሰው ወሎ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ለመስጠት በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ብቻ ነበር። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ትዳራቸው በዚሁ ፈረሰ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም። «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» መባላቸው ተለምዷል፤ ለብዙ ሺህ ልጆች እናትም አክስትም ለሆኑት ለእሳቸው ግን የራሳቸው ስም ይበቃል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ-19 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።