ንዳድን ያየ መስታወት

ከወልድያ ወደ መርሳና ወደ ሐብሩ ቆላ የሚወርድ ደገኛ ንዳድን ይፈራ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ክፉ አየር ነው፤ እሸት በቆሎ ነው ይባል ነበር። ግምቱ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው ሲያቁርና ትንኙ ሲራባ ነውና።

እውነተኛውን ጠላት ያየው ማይክሮስኮፕ ነው። በ1880 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን አልጄሪያ ውስጥ በበሽተኛ ደም ላይ ተውሳኩን አየ። በ1897 ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ በትንኝ ሆድ አገኘው።

እኛ ግን ትምህርቱን በሞት ከፈልንበት። በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የአገራችን ምድር ወረርሽኝ ገባ፤ ወልድያ ያለችበት ከፍታም ከዚሁ ውስጥ ነው። 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ እንደሞተ ተገመተ። ደጋ መከታ ነው የሚለው እምነት ፈረሰ። በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ።

የምርመራው ጥበብ ቀላል ይመስላል። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ መስታወት ላይ ትቀባለች፤ በጊምሳ ቀለም ትነከራለች፤ ዘይት ጠብ ተደርጎባት 1,000 ጊዜ ጎልታ ትታያለች። የወባው ተውሳክ ቀይ ነጥብ ያለው ሰማያዊ ቀለበት መስሎ ብቅ ይላል። ቅማል የሚያስተላልፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ተህዋስም እንደ ክር ተጠማዝዞ በዚያው መስታወት ላይ ይገኛል።

ግንባር ለሚዳስስ እጅ ሁለቱም ትኩሳት ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በየጤና ጣቢያው አጎንብሶ መስታወት የሚመለከተውን ባለሙያ ስናይ አንቸኩልበት፤ ያ ዓይን ከሳተ ሕይወት ይስታል።