የሮም አንድ ቀን፦ ከተርሚኒ እስከ ቅዱስ እስጢፋኖስ

ሮምን እንደ አዲስ እንግዳ መዞር ካቆምን ቆይተናል። ልጃችንን ለመጠየቅ ወደ ቦሎኛ ስንሄድ አውሮፕላኑ በጠዋት ፊዩሚቺኖ ያሳርፈናል፤ የቦሎኛውን ባቡር ደግሞ ሆን ብለን የማታውን እንቆርጣለን። በመሐል ያለችው ቀን የኛ ናት። ኮሎሲየም አንገባም፣ ትሬቪ ሄደን ሳንቲም አንወረውርም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የማስጎብኘው ያንኑ ነው፤ ባለቤቴም ለምዳዋለች። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ሻንጣ አስቀምጠን ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስንወጣ የሚቀበለን አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ሮማዊው ሁሉ በየቀኑ አውቶቡስ የሚጠብቅበት ነው፤ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ስንቱ ያውቅ ይሆን? ጥር 26 ቀን 1887 ከምጽዋ ተነስቶ ሰሐጢ ለተከበበው ምሽግ ሊደርስ ሲገሰግስ የነበረውን የሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስን ጦር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጠብቀው ደመሰሱት። ጣልያኖች አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን፣ ለሟቾቹ ሐውልት መረቁ። ሐውልቱ መጀመሪያ ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር። በ1920ዎቹ ተነቅሎ ትንሽ ወደ ጎን፣ ዛሬ ወዳለበት የአትክልት ቦታ ተዛወረ።

ዛፎቹ ስለጋረዱት የማያውቅ ሰው አልፎት ይሄዳል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ የጣልያን ሥራ አይደለም፤ የግብጹ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ያስጠረበው ነው። በጥንት ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ በ1883 ተቆፍሮ ወጣ። አራት ዓመት ቆይቶ ዶጋሊ ላይ ሽንፈት ሆነ፤ ድንጋዩም ሥራ አገኘ። የፈርዖን ስም ከላይ፣ የኢጣልያ ወታደሮች ስም ከሥር። የአሉላን ሰዎች የሚያስታውስ መስመር የለም፤ ከባለሐውልቱም አይጠበቅም።

መጀመሪያ ያሳየኋት ጊዜ ባለቤቴ «ለተሸነፉበት ይህን ያህል ከሠሩ፣ ቢያሸንፉ ኖሮ ምን ሊሠሩ ነበር?» አለችኝ።

መልሱን ሙሶሊኒ ሰጥቶታል። በ1936 አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በ1930 የንግሥ በዓል ጊዜ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው አመጡና እዚሁ፣ የዶጋሊ ሐውልት ሥር አስቀመጡት። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ መሆኑ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1938 ለአስተርጓሚነት ወደ ሮም የመጣው ኤርትራዊው ወጣት ዘርአይ ደረስ አንበሳው ፊት ተንበረከከ። ሊያስነሱት የሞከሩትን በጎራዴ ተጋፈጣቸው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሰማሁት ዘርአይ ብዙ ፋሽስት ገድሎ እዚያው ተረሽኖ ወደቀ የሚል ነበር። ሰነዶቹ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው፦ ያቆሰላቸው አሉ፤ እሱ ቆስሎ ተያዘ፣ እብድ ነው ተብሎ ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተከተተ፣ እዚያው በ1945 ሞተ። ለኔ ይህ ከመረሸኑ የባሰ ነው። ለአገሩ ምልክት መንበርከክን በሽታ ብለው ሰባት ዓመት ዘጉበት። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ለገሃር ተመልሷል፤ አትክልቱ ውስጥ ያንን ቀን የሚያስታውስ ነገር አላየሁም።

ከተርሚኒ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ስንወርድ ከፊታችን የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ይገተራል። የዓለምን ረሃብ የሚዋጋው ድርጅት የገባበት ሕንፃ የተጀመረው ለቅኝ ግዛቱ ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት ጥቅምት 28 ቀን 1937 የተመረቀው እዚህ ፊት ለፊት፣ ፖርታ ካፔና ላይ ነው፤ ፋሽስቶቹ ሮም የገቡበት 15ኛ ዓመት በዓል እንዲሆን ቀኑ ተመርጦ። በ1947 የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። 18 ወሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ! በ2002 መብረቅ መታው፣ በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆሞ ተመረቀ። እዚህ ዛሬ ያሉት በኒውዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ናቸው።

አበበ ቢቂላን ሳያነሱ ከዚህ ቦታ መነሳት አይቻልም። ክብር ዘበኛው አበበ መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ በባዶ እግሩ በአሮጌው የአፒያ መንገድ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መሐል መጥቶ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ያለፈው ያኔ እዚህ በቆመው የአክሱም ሐውልት በኩል ነው። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የወጣውም እዚሁ አካባቢ ነበር። ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2፡15፡16 ገባ። ባለቤቴ ከፋኦ እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ በእግር ካልሄድን አትለቀኝም፤ ጫማዋን ግን አታወልቅም።

ከሰዓት በኋላው የቫቲካን ነው፤ እኔን ወደዚህ ከተማ የሚመልሰኝም ይኸው ነው። ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጠ፣ ማረፊያ ቤትም ተደረገለት። በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው በእግርና በመርከብ የመጡ ሰዎች ጓዛቸውን የጣሉበት ቤት ነው። ጓዝ ስል በዋናነት ብራና ማለቴ ነው።

የግዕዝ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው ከዚህ ቤት የተነሳ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ ከመነኩሴው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ፊደል ተማረና በ1513 እዚሁ ሮም መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ማሰቡን እንለፍለት። ቀጥሎ የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን መጣ፤ ሮማውያን ጴጥሮስ ሐበሻዊ ይሉታል። የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገር ቤት የብራና መጻሕፍት ካቃጠለ በኋላ እሱና ጓደኞቹ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። ስህተት መግባቱን አልደበቁም፦ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም ብለው አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። የማተሚያ ቤትን ጣጣ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳቸዋል።

ከዚያ ደግሞ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት እዚሁ ሮም የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ነበር የተማረው፤ ከሰው አፍ የሰማው ያኔ ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄደው ጎታ ከተማ ሲያስተምሩትና ሲጠየቁ ሰነበቱ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ከሥሩ ያለው የእሳቸው ቃል ነው። የሉዶልፍን ስም የሚያውቀው ምሁር ብዙ ነው። አባ ጎርጎርዮስን ግን እኛው ካላነሳናቸው ማን ያነሳቸዋል?

ቤተ ክርስቲያኑ ቫቲካን ግንብ ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሰተት ብሎ አይገባም። ስለዚህ የጴጥሮስን ጉልላት እንወጣለን። ደረጃው 551 ነው፤ ጉልበታችን ስለማይፈቅድ የመጀመሪያውን ክፍል በአሳንሰር አልፈን 320ውን ብቻ እንወጣለን። ከላይ ሆኖ ወደ አትክልቱ ለሚያይ፣ ያንን አሮጌ ማረፊያ የተካው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ይታያል።

ሮም እኛን የምታስታውስበት አቀማመጥ አይጥመኝም። ጥሉን ሕዝብ በሚተላለፍበት ጣቢያ ደጃፍ ላይ በአደባባይ ስም ለጥፋዋለች፤ ከዶጋሊ አራት መቶ ዓመት የሚቀድመውን እንግድነት ግን ፈቃድ ከሚጠየቅበት ግንብ ጀርባ አኑራዋለች። ይህን ስል ባለቤቴ «ጥፋቱ የሮም ብቻ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ተስፋ ጽዮን የሚባል መንገድ አሳየኝ እስቲ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ለሚቀጥለው ጉዞ የቤተ ክርስቲያኑን ፈቃድ ከወዲሁ እንድንጠይቅ ተስማምተናል። ያልተስማማነው ለእሱ ሲባል ከየትኛው እንደምንቀንስ ነው፦ እኔ ከአበበ መንገድ እላለሁ፣ እሷ ከዶጋሊ።