አንጎል አካልን የሚያዳምጥበት መንገድ፤ የስሜት ጥናት ታሪክና ለትምህርት ቤት ያለው ቁም ነገር

በአማርኛ «ስሜት» የተባለው ቃል «ሰማ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። «ብርድ ተሰማኝ»፣ «ረኃብ ተሰማኝ»፣ «ኀዘን ተሰማኝ» ሲባል የአካሉም የልቡናውም ነገር በአንድ ግሥ ይነገራል። ሰው ሲከፋው «ሆዴ ባባ»፣ ሲራራ «አንጀቴን በላው»፣ ሲፈራ «ልቤ ራደ» ይላል። ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ ነውን? ወይስ በአካልና በስሜት መካከል በእርግጥ ያለውን ግንኙነት ያመለክታል? ይህ ጥያቄ የሥነ ልቦናና የሥነ አካል ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው።

ክርክሩ ለክፍል መምህርና ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ሩቅ አይደለም። ስሜት ከአካል የተለየ የጠባይ ጉዳይ ነው ከተባለ፣ በክፍል ውስጥ የሚነጫነጭ፣ የሚያንቀላፋ ወይም ሐሳቡ የሚበተንበት ተማሪ በምክርና በተግሣጽ ብቻ የሚታረም ይሆናል። ስሜት ሥሩ በአካል ውስጥ ነው ከተባለ ግን ከተግሣጹ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥናቱን ታሪክ ባጭሩ መርምሮ ለትምህርት ሥራ የሚሰጠውን ትርጉም ማመልከት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከልብ ወደ አንጎል

በጥንታዊት ግሪክ አሪስቶትል የስሜት መኖሪያ ልብ ነው ሲል፣ በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት የሕክምና ጽሑፎች ግን ደስታም ኀዘንም የሚመነጨው ከአንጎል ነው ይሉ ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት ጋሌን የተባለው ሐኪም ወደ አሳማ ጉሮሮ የሚሄዱትን ነርቮች ሲቆርጥ የእንስሳው ድምፅ ወዲያው እንደሚጠፋ በአደባባይ አሳየ። በዚህም አካልን የሚያዝዘው አንጎል እንደ ሆነና ትእዛዙም በነርቮች አማካይነት እንደሚተላለፍ ተገለጠ።

የነርቮች መንገድ ባለ ሁለት አቅጣጫ መሆኑ በሙከራ በግልጽ የተረጋገጠው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1811 እንግሊዝ አገር ቻርልስ ቤል፣ በ1822 ደግሞ ፈረንሳይ አገር ፍራንስዋ ማዣንዲ ባደረጉት ምርምር፣ ከኅብለ ሰረሰር በፊት በኩል የሚወጡት የነርቭ ሥሮች እንቅስቃሴን ሲያዝዙ፣ በኋላ በኩል የሚገቡት ደግሞ የአካልን መልእክት ወደ ላይ እንደሚያደርሱ ተረጋገጠ። ስለዚህ አንጎል አዛዥ ብቻ ሳይሆን አዳማጭም መሆኑ ጸና።

የጄምስና የላንገ ሐሳብ

በ1884 አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ፣ በ1885 ደግሞ የዴንማርኩ ሐኪም ካርል ላንገ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረቡ። በተለመደው አስተሳሰብ ሰው አውሬ ሲያይ በመጀመሪያ ይፈራል፤ ስለ ፈራም ልቡ ይመታል፣ ይሮጣልም። ጄምስ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። በእርሱ አስተያየት አካል በመጀመሪያ ይለወጣል፤ ፍርሃት የምንለውም ይኸው የአካል ለውጥ ለአንጎል ሲሰማው ነው። ከፍርሃት ላይ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ማጠርና የጉልበት መብረክረክ ቢቀነስ የሚቀረው ስሜት የሌለው ቀዝቃዛ ሐሳብ ብቻ ይሆናል አለ።

የካነን ተቃውሞ

ከሁሉም የበረታው ተቃውሞ የመጣው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ከነበረው ከዋልተር ካነን ነው። ካነን ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ ድመቶችን በራጅ ሲመለከት እንስሳዋ በተቆጣች ወይም በተጨነቀች ጊዜ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ እንደሚል አስተዋለ። ከዚያም በፍርሃትና በቁጣ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም እንደሚያፈስሱ፣ ይህም አካልን ለትግል ወይም ለሽሽት እንደሚያዘጋጅ በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ።

ስሜት አካልን እንደሚለውጥ ይህን ያህል ያሳየ ሰው የጄምስን ሐሳብ ይደግፋል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። ካነን ግን በ1927 ባወጣው ጽሑፍ ተቃወመው። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው። ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል የሚሄደው መንገድ የተቋረጠባቸው እንስሳት የቁጣ ምልክት ማሳየታቸውን አልተዉም። ልብ በፍርሃትም በቁጣም በትኩሳትም ይመታልና የልብ ምት ብቻውን አንዱን ስሜት ከሌላው ሊለይ አይችልም። የሆድ ዕቃ ለውጥ ዝግተኛ ሲሆን ስሜት ግን ፈጣን ነው። በመጨረሻም፣ የስፔኑ ሐኪም ግሬጎርዮ ማራኞን በ1924 እንደ ገለጸው፣ አድሬናሊን በመርፌ ከተሰጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ የአካል ለውጥ ብቻ እንደ ተሰማቸው ሲናገሩ፣ ሌሎቹ «የፈራሁ ያህል» ይሆንብኛል እንጂ በእርግጥ ፈርቻለሁ አላሉም።

ተቃውሞው የጄምስን ሐሳብ ለብዙ ዓመታት አዳከመው። በ1962 ስታንሊ ሻክተርና ጄሮም ሲንገር ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ሞከሩ። በእነርሱ አባባል አካል ሲነቃቃ ሰው ምክንያቱን በአካባቢው ይፈልጋል፤ ባገኘው ምክንያት መሠረትም መነቃቃቱን ቁጣ ወይም ደስታ ብሎ ይተረጉመዋል። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ይህን ውጤት በሙሉ አላጸኑትም፤ የትርጉም ጉዳይ ግን ከጥናቱ መስክ አልወጣም።

የአካል ካርታ በአንጎል ውስጥ

እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን በ1906 ባሳተመው ሥራው የስሜት ሕዋሳትን በሦስት መደባቸው፤ ይኸውም የውጭውን ዓለም የሚቀበሉ፣ የጡንቻንና የመገጣጠሚያን አቋም የሚያስታውቁና የውስጥ አካላትን ሁኔታ የሚነግሩ ናቸው። በ1937 ዊልደር ፔንፊልድና ባልደረባው በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ነቅተው ሳሉ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሕሙማን አንጎል በደካማ ኤሌክትሪክ እየነኩ የአካልን ካርታ አወጡ። በዚህ ካርታ ላይ ከንፈርና የእጅ ጣቶች ሰፊ ቦታ ሲይዙ ጀርባና ሆድ እጅግ ጠባብ ቦታ ብቻ አላቸው። የሆድ ዕቃ ድምፅ የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው። በ1955 ፔንፊልድ ኢንሱላ የተባለውንና ከአንጎል ጎን እጥፋት ሥር የተሸሸገውን ክፍል ሲነካ ሕሙማኑ በሆዳቸው ውስጥ የሚሰማቸውን ነገር ነገሩት።

በ2002 አሜሪካዊው ክሬግ፣ ሕመምን፣ ሙቀትንና የውስጥ አካላትን ሁኔታ የሚያመላልሱት ቀጫጭን ነርቮች በኅብለ ሰረሰርና በታላመስ በኩል እስከዚሁ ክፍል እንደሚደርሱ በዝርዝር አሳየ። በ2004 በብሪታንያ በተደረገ ጥናትም የልብ ምታቸውን ሳይዳስሱ ለማወቅ በሚሞክሩ ሰዎች ላይ ይኸው ክፍል ሲሠራ ታየ። ከዚህም ሌላ ከአንጎል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ አብዛኞቹ ክሮቹ ትእዛዝ የሚያወርዱ ሳይሆኑ መልእክት የሚያወጡ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ካነን እንደ ገመተው የሆድ ዕቃ ድምፅ አልባ አይደለም።

ነገር ግን ስሜትን ሁሉ በአንድ ክፍል መወሰን አይቻልም። በ2013 እንደ ተገለጸው፣ በግራም በቀኝም ኢንሱላው የጠፋበት አንድ ሕመምተኛ ደስታና ኀዘን መሰማታቸው አልቀረበትም። የአንጎል ግንድና ሌሎች ክፍሎችም በዚህ ሥራ ይተባበራሉ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ሐሳብ ሁለቱን የቀድሞ ተከራካሪዎች በከፊል የሚያስማማ ነው። አንጎል መልእክቱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሳይሆን የአካልን ሁኔታ ከልምዱ ተነሥቶ አስቀድሞ የሚገምት፣ ግምቱንም በሚደርሰው መልእክት የሚያርም ነው። ከአካል የመጣውና ከሁኔታው የተገኘው ትርጉም ሲዋሐዱ ስሜት ይፈጠራል።

ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ትርጉም

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ በታችኛው ክፍል የሚሰጠው «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» የተባለው ትምህርት ወደ ውጭ የሚመለከቱትን ብቻ ይዘረዝራል። ረኃብን፣ ጥማትን፣ ድካምንና የልብን ምት የሚያስታውቀው የውስጥ ስሜት ቢጨመርበት ተማሪው ስለ ራሱ አካል የሚያውቀው የተሟላ ይሆናል። እጅን ሳይዳስሱ የልብን ምት ለመቁጠር መሞከር፣ ቀጥሎም የእጅን የደም ሥር ዳስሶ ቁጥሩን ማስተያየት መሣሪያ የማይጠይቅ የክፍል ሙከራ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅ ከአካሉ የሚነሣውን ስሜት ምን ብሎ እንደሚጠራው ገና በመማር ላይ ያለ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ «ራበኝ» ከማለት ይልቅ ይነጫነጫል፤ ፈተና የሚፈራው ደግሞ «ሆዴን አመመኝ» ይላል፤ ሕመሙም ውሸት አይደለም። መምህሩ «ሰነፍ» ወይም «አመለኛ» የሚል ስም ከመስጠቱ በፊት ልጁ መብላቱን፣ መተኛቱንና ጤንነቱን ቢጠይቅ ከፍርድ ስሕተት ይድናል። ይህ ሲባል ግን የተማሪ ጥፋት ሁሉ በሆዱ ይመካኝ ማለት አይደለም፤ ከአካል የመጣው የስሜቱ አንዱ ወገን እንጂ ሁለንተናው አለመሆኑን የካነን ተቃውሞ ያስታውሳል።

ሦስተኛው ጉዳይ የዕቅድ አውጪውን ክፍል የሚመለከት ነው። ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና የዕረፍት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከትምህርቱ ውጭ እንዳሉ የበጎ አድራጎት ወጪዎች ይታሰባሉ፤ ገንዘብ ባጠረ ጊዜም በመጀመሪያ የሚሠረዙ እነርሱ ናቸው። የአካልን ጩኸት የሚሰማውና የመምህሩን ቃል የሚሰማው አንጎል ግን አንድ ነው። አንዱ ሲበረታ ሌላው መድከሙ ስለማይቀር እነዚህ ወጪዎች ከመጽሐፍና ከጠመኔ ጋር በአንድ ዓምድ ሊመዘኑ ይገባል።