የባቄላ ምግብ በካይሮና በላስታ

በካይሮ መንገድ ማለዳ የሚሸጠው ፉል በዝግታ ሲቀቀል ያደረ ባቄላ ነው። በላስታ ደጋም ባቄላ ሽሮ፣ በጾም ስልጆ፣ በጸሎተ ሐሙስም ከስንዴ ጋራ ተቀቅሎ ጉልባን ይሆናል። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ እስኪሾሙ ድረስ ሊቃነ ጳጳሶቻችን ከግብጽ ይመጡ ስለ ነበር፣ ምግቡም ከዚያው መጣ የሚል አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱን አገሮች በባቄላ ያመሳሰላቸው ሥጋና ወተት የሚከለክለው ጾም ነው እንጂ የአሠራር ውርስ አይደለም። ፉል ትኩሱን ይበላል፤ ስልጆ ግን ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ እስኪብላላ ይቆያል። አቀራረቡም ይለያል። የካይሮው በገንዘብ ይገዛል፤ ገናን ለማክበር ላሊበላ የሚደርሰውን ተሳላሚ ግን የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ያለ ዋጋ ያበላዋል። ስለዚህ የምግብን ታሪክ ስንመረምር እህሉ ከየት መጣ ከማለት አልፈን፣ ማን ለማን ያቀርበዋል ብለን መጠየቅ ይገባናል።