ወንዳታ

ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ አባት የሚያለቅስ ልጁን «ወንድ አይደለህ እንዴ?» ይለዋል። ልጁ እንባውን ሲውጥ «ወንዳታ!» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ወንዳታ ሙገሳ ነው፤ ጎበዝ፣ ጀግና እንደማለት። ከባድ ነገር ለተወጣች ሴትም «እሷ'ኮ ወንድ ናት» እንላለን። ሙያው የእሷ፣ ስሙ የወንድ! ይህ ያሳዝነኛል። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ በግንባር መግጠም ብዙ ሰው ሲያስፈጅ፣ የውሃ ምንጩ ይያዝ ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጠላትም ውሃ ሲጠማው ምሽጉን ለቀቀ። እኔ መሪነት የምለው ይህን የሰው ነፍስ የሚቆጥብ ብልሃት ነው። ዛሬ አገር ሲጨንቃት «ወንድ ጠፋ!» የሚሉ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ቁጣን ነው።