ሴብራ (ቃል)

ሴብራ በእስፓንኛ የሜዳ አህያ መጠሪያ ነው። የፖርቱጋልኛውና የእንግሊዝኛው «ዜብራ» ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ምንጭ አላቸው። ስሙ መጀመሪያ የአፍሪካው ባለ መስመር እንስሳ አልነበረም፤ በእስፓንያና በፖርቱጋል ይኖር የነበረ፣ በኋላ ግን የጠፋ የዱር እንስሳ ስም ነበር።

ሥርወ ቃል

ብዙ ሊቃውንት የሚቀበሉት ምንጭ የሮማይስጡ «ኤኲፌሩስ» ነው። ይህም «ኤኩስ» (ፈረስ) እና «ፌሩስ» (የዱር) ከሚሉት ቃላት የተገናኘ ሲሆን «የዱር ፈረስ» ማለት ነው። በሕዝቡ አነጋገር ቃሉ እያጠረ ሄዶ በጥንታዊ ፖርቱጋልኛ «ዜብሮ»፣ በጥንታዊ እስፓንኛ ደግሞ «ኤንሴብሮ» ሆነ።

የቀድሞው እንስሳ

በመካከለኛው ዘመን የከተሞች ሕግጋት የዜብሮ ቆዳና ሥጋ ተጠቅሶ ይገኛል፤ ስለዚህ እንስሳው ይታደን እንደነበር እናውቃለን። እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ፈጽሞ ጠፋ። ምን ዓይነት እንስሳ እንደነበር እስካሁን ያከራክራል፦ አንዳንዶች የጠፋ የአውሮፓ የዱር አህያ ዝርያ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ወደ ዱር የገባ የቤት ፈረስ ወይም አህያ ነው ይላሉ።

ወደ አፍሪካ መሸጋገሩ

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖርቱጋላውያን መርከበኞች የአፍሪካን ዳርቻ ሲዞሩ ባለ መስመሩን እንስሳ አዩና በአገራቸው በሚያውቁት ስም ጠሩት። በ1591 እ.ኤ.አ. በሮማ የታተመው የፊሊፖ ፒጋፌታ የኮንጎ መንግሥት መግለጫ ስሙን ይጠቅሳል። የቆዩ መዝገበ ቃላት ቃሉን «ከኮንጎ ቋንቋ የመጣ» ይሉት ነበር። ነገር ግን «ዜብሮ» ፖርቱጋላውያን ኮንጎ ከመድረሳቸው ከመቶ ዓመታት በፊት በአገራቸው ሰነዶች ስለሚገኝ ይህ አስተሳሰብ አይጸናም።

ከኢትዮጵያ ጋር

በ1882 እ.ኤ.አ. የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። የእንስሳት ተመራማሪው ኤሚል ኡስታሌ አዲስ ዝርያ መሆኑን አይቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ በኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት አንዱ ነው።

በአማርኛ «ዜብራ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እንስሳው ሳይሆን በአስፋልት ላይ በነጭ መስመር የተቀባው የእግረኛ መሻገሪያ ነው።